የኮርቬት ሲ4 የፊት መብራት ሞተርን ስለ ማደስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1984 እስከ 1996 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሉት ሞዴሎች የወጣው አራተኛው ትውልድ የሼቭሮሌት ኮርቬት፣ ወዳጆቹ ሲ4 የሚሉት፣ መብራቱ ሲጠፋ ዓይኑን ጨፍኖ ሲበራ የሚገልጥ መኪና ነው። መኪናው ባረጀ ቁጥር አንደኛው ዓይን መዘግየት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ጨርሶ አለመከፈት ይጀምራል። ብዙ ባለቤቶች ያን ጊዜ ሞተሩ ተቃጠለ ብለው ይጥሉታል። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ ተቃጠለ ተብሎ የሚጣለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፣ የሞተው በውስጡ ያለ፣ በጣት ጫፍ የሚያዝ ፕላስቲክ ነው።

የሲ4 መብራት አሠራር ከሌሎች ተደባቂ መብራቶች በምን ይለያል?

ተደባቂ መብራት ከሲ4 በፊት ረጅም ታሪክ አለው። በ1936 የወጣው ኮርድ 810 መብራቶቹን በፊት ፓራፋንጎዎቹ ውስጥ ይሸሽግ ነበር፤ ሾፌሩም ከዳሽቦርዱ ላይ በእጁ እየዘወረ ያወጣቸው ነበር። ኮርቬት ወደዚህ መንገድ የገባው በ1963 ሲሆን፣ የዚያ ዘመን መብራቶች በኤሌክትሪክ ሞተር ይገለበጡ ነበር። በ1968 የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ግን ኤሌክትሪኩን ትቶ መብራቱን በቫኪዩም ኃይል ያነሣ ነበር፤ የዚያ መኪና ባለቤት የሚታገለው ከጎማ ቱቦዎችና ከአየር ማፈትለክ ጋር ስለሆነ ይህ ጽሑፍ እርሱን አይመለከትም። ሲ4 ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ተመልሷል።

የሲ4 መብራት እንደ መጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ቀጥ ብሎ ከፍ የሚል ሳይሆን በዘንጉ ላይ የሚንከባለል ነው፤ ሲዘጋ መስተዋቱ ወደ ውስጥ ይዞርና የመኪናውን ቀለም የተቀባው ጀርባው ከኮፈኑ ጋር ተስተካክሎ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ሞተር አለ፤ ሞተሩም ከመብራቱ ቤት ጎን ታስሮ ዘንጉን በቀጥታ ያዞራል። በመካከል ረጅም ክንድና ማያያዣ ስለሌለ፣ በሞተሩ ጥርስ (ዙሪያው ጥርስ ባለው ተሽከርካሪ ክብ) ውስጥ የሚፈጠር ትንሽ ልልነት ሳይቀንስ መብራቱ ላይ ይታያል። በጨለማ መንገድ ላይ ብርሃኑ ሲርገበገብ የሚያዩ ባለቤቶች በአብዛኛው የሚያዩት ይህንኑ ልልነት ነው።

ብልሽቱ የሞተሩ መሆኑን ሳልፈታው እንዴት አውቃለሁ?

ከማንኛውም መለኪያ በፊት ጆሮዎን ይጠቀሙ። ጸጥ ባለ ቦታ ላይ፣ ዋናው ሞተር ሳይነሣ፣ አንድ ሰው መብራቱን ሲያበራና ሲያጠፋ እርስዎ ከፊት ቆመው ያዳምጡ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ በደንብ ሲሽከረከር እየተሰማ መብራቱ የማይነቃነቅ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ በሞተሩና በመብራቱ ዘንግ መካከል ባለው ጥርስ ወይም በጥርሱ ውስጥ ባሉት ቡሾች፣ ማለትም ግጭት በሚውጡት ትንንሽ ፕላስቲኮች፣ ላይ ነው። መብራቱ ተከፍቶ ከቆመ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች የሚቀጥል ከሆነም ምርመራው ወደዚያው ያደርሰናል፤ ምክንያቱን ቡሽን በተመለከተው ጥያቄ ላይ እመለስበታለሁ።

ምንም ድምፅ ከሌለ ግን ሞተሩን ለመፍታት አይቸኩሉ። ያን ጊዜ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ፊውዙ፣ ሶኬቱ፣ መቆጣጠሪያው ሞጁል ወይም ሪሌው፣ በመጨረሻም በሞተሩ ውስጥ ያሉት፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፉት ካርቦኖች ናቸው። መብራቱ የሚከፈት፣ ነገር ግን እንደ ደከመ ሰው የሚጎተት ከሆነ፣ በተለይም በብርድ ጠዋት የሚብስ ከሆነ፣ የደረቀ ግራሶ፣ የቆሸሸ ኮሙቴተር (ካርቦኖቹ የሚነኩት የመዳብ ቀለበት) ወይም ደካማ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት መስመር) አለ።

አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ፤ እርሱም ከሁሉ ቀላሉ ነው። መብራቱን ከከፈቱ በኋላ የባትሪውን ነጌቲቭ ያላቅቁና የመብራቱን ቤት በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙት። ጤነኛ መብራት እንደ ድንጋይ ጸንቶ ይቆማል፤ ቡሾቹ ያለቁበት ግን ጥቂት ተንቀሳቅሶ ኳ ብሎ ሲመታ በእጅ ይታወቃል።

ማሳውን አስቀድሜ ማየት ያለብኝ ለምንድን ነው?

የኮርቬት አካል የተሠራው ከፋይበርግላስና ከመሰል ፕላስቲክ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በብረት አካል መኪና ላይ አንድ ዕቃ ብሎኑ ብረት እስከ ነካ ድረስ ማሳ ሊያገኝ ይችላል፤ በኮርቬት ላይ ግን ወደ ባትሪው የሚመለሰው ፍሰት ሁሉ በሽቦ ተጉዞ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበት ነጥብ መድረስ አለበት። ያ ነጥብ ዝጎ ወይም ብሎኑ ላልቶ ከሆነ ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው ይደክማል።

አዲስ ሞተር ገዝቶ ካስገባ በኋላ መብራቱ እንደ በፊቱ የሚጎተትበትን አንድ ባለቤት አውቃለሁ። ሁለተኛ ሞተር ከማዘዙ በፊት የማሳውን ሽቦ ጫፍ ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን መልሰን ስናጠብቀው ሁለቱም መብራቶች እኩል ተከፈቱ፤ ያወጣው አሮጌ ሞተርም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሳ ሳልለካ ሞተር ፈትቼ አላውቅም።

አለካኩ ቀላል ነው። መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ሶኬት የመመለሻ ሽቦ ላይ ያስቀምጡና ሞተሩ እየሠራ ሳለ ያንብቡ። እኔ የምሠራበት መለኪያ የሚከተለው ነው፤ ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው መልካም ነው፣ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ግን ሞተሩን ትቼ ሽቦውን እከተላለሁ። ከ1988 ወዲህ ባሉት ሞዴሎች ላይ ሞጁሉ የሁለቱን ሽቦዎች ፖዘቲቭና ነጌቲቭ እያለዋወጠ ሞተሩን ወደ ሁለት አቅጣጫ ስለሚያዞረው፣ ለመክፈት ጊዜ መመለሻ የሆነው ሽቦ ለመዝጋት ጊዜ ላኪ እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም።

ቡሽ የሚባለው ምንድን ነው? ለምንስ ይፈራርሳል?

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ እንደ ብሎን ጥምዝ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ይህ ጥምዝ ዘንግ አንድ ትልቅ ክብ የፕላስቲክ ጥርስ ይነዳል፤ ዘንጉ ብዙ ጊዜ ሲዞር ጥርሱ ጥቂት ብቻ ስለሚዞር ትንሹ ሞተር ከባዱን መብራት ለማዞር የሚበቃ ጉልበት ያገኛል። ጥምዝ ዘንጉ ጥርሱን ሊነዳ ይችላል፣ ጥርሱ ግን ዘንጉን መልሶ ሊነዳ አይችልም፤ መብራቱ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም በነፋስ ግፊት ሳይዘጋ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ጥርስ ወደ መብራቱ ከሚወጣው ዘንግ ጋር በቀጥታ አልተያያዘም። በጥርሱ መካከል ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ጉብታ ያለው የብረት ክፍል ይገባል፤ በጉብታዎቹና በጥርሱ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተትም ሦስት አጫጭር የፕላስቲክ ሲሊንደሮች ይቀመጣሉ። ቡሽ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ሥራቸው የባሌስትራ ጎሚኒ ከሚሠራው ጋር አንድ ነው፤ መብራቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ድንገት ሲቆም ሞተሩ ገና በፍጥነት ላይ ነውና ግጭቱን እነርሱ ይውጡታል። እነርሱ ባይኖሩ ያ ግጭት በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት የጥርሱን ጫፎች ይመታ ነበር።

ፕላስቲኩ ግን ዕድሜ አለው። ከዋናው ሞተር የሚመጣው ሙቀት፣ የክረምቱ ብርድና የግራሶው ዘይት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ተፈርፍሮ ያልቃል። ሞተሩን ሲከፍቱ ከደረቀ ግራሶ ጋር የተቀላቀለ ቡናማ ፍርፋሪ ካገኙ ቡሾችዎ ያ ፍርፋሪ ናቸው። ቡሽ ሲጠፋ ጥርሱ ጉብታውን ሳይነካ ብዙ መንገድ ባዶውን ይሄዳል፤ ከዚያ ደርሶ ይመታል፤ ወይም ፍርፋሪው መሐል ገብቶ ይሸበብና መብራቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከ1988 ወዲህ ባሉት ላይ መቆጣጠሪያው ሞጁል ሞተሩን የሚያጠፋው መብራቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሞተሩ ሲታገድ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲጨምር በማየት ነው። ጥርሱ ባዶውን እየተንሸራተተ ከሆነ ሞተሩ አይታገድም፣ የሚስበውም አይጨምርም፣ ሞጁሉም መብራቱ መድረሱን አያውቅም። መብራቱ ከቆመ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ምክንያቱ ይህ ነው።

በሌሊት መንገድ ላይ ሳለሁ መብራቱ አልከፈትም ቢለኝ ምን ላድርግ?

መኪናውን ከመንገድ አውጥተው አደገኛ ባልሆነ ቦታ ያቁሙ፣ መብራቱን ከማብሪያው ያጥፉ፣ የሞተሮቹን ፊውዝ ይንቀሉ ወይም የባትሪውን ነጌቲቭ ያላቅቁ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው በሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን የእጅ መዘውሪያ ይፈልጉ። መዘውሪያው ብዙ ዙር ስለሚፈልግ መብራቱ መንቀሳቀሱ እስኪታይ ድረስ አይታክቱ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈትም ይዘውሩት። ያነሡትን ኤሌክትሪክ መልሰው ማብሪያውን ሲያበሩ መብራቱ ተከፍቶ ብርሃኑ ይሠራል፤ እቤት እስኪደርሱ ግን አያጥፉት። ቡሾቹ ጨርሰው አልቀው መብራቱ ቢላወስም እንኳ ጥርሱ ጉብታዎቹን ሲያገኝ መዘውሪያው ይሠራል።

ይህ መዘውሪያ የተቀመጠው እንዲሁ ለምቾት አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ፣ ተደባቂ መብራት ከታዘዘ በኋላ በ3 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት፣ ከተከፈተም በኋላ ኃይል ቢቋረጥ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፣ ሥርዓቱ ቢበላሽ ደግሞ ባለቤቱ መፍቻ ሳያስፈልገው ሊከፍተው የሚችልበት መንገድ እንዲኖር ያዛል። የ3 ሰከንዱን ገደብ እኔ እንደ መመርመሪያ እጠቀምበታለሁ፤ ያደስኩት ሞተር ከዚያ በላይ ከፈጀ ሥራው አላለቀም።

ከመኪናው ላይ ለማውረድ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

የሲ4 ኮፈን ከፊት ፓራፋንጎዎቹ ጋር አንድ ሆኖ የሚነሣ ትልቅ ክዳን ሲሆን መብራቶቹም ከእርሱ ጋር አብረው ይነሣሉ። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ከተከፈተ ኮፈን ሥር ነው፤ ደጋፊዎቹ ደካሞች ከሆኑ በእንጨት ያስደግፉት። ከሁሉ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ መላቀቅ አለበት። ይህ ሞተር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በመብራቱ ቤትና በኮፈኑ ጠርዝ መካከል የገባ ጣት ሊሰብር ይችላል፣ ሞጁሉም ሳይታሰብ ሊያስነሣው ይችላል።

ብሎኖቹን ከመፍታትዎ በፊት የመብራቱን ዘንግና የሞተሩን አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በቀለምም ምልክት ያድርጉ። የግራውና የቀኙ ሞተር አንድ ስላልሆኑ ሁለቱንም አብረው ካወረዱ ይለዩዋቸው። ሶኬቱን ሲያላቅቁ ሽቦውን አይጎትቱ፤ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ የፕላስቲክ ሶኬት ምላሱ በቀላሉ ይሰበራል።

ሞተሩን ስከፍት የት ላይ ልሳሳት እችላለሁ?

የጥርሱን ቤት ከመክፈትዎ በፊት ውጭውን በደንብ ያጽዱት፤ ያለዚያ በዙሪያው ያለው አሸዋ ወደ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ በብሎን ወይም በሪቬት የታሰረ ሊሆን ይችላል፤ ሪቬት ከሆነ በመሰርሰሪያ ራሱን ብቻ በጥንቃቄ ያስወግዱና ሲመልሱ በትንሽ ብሎንና ዳዶ ይተኩት። ክዳኑ ሲነሣ ጥርሱን፣ ባለ ሦስት ጉብታውን ክፍልና ከቡሾቹ የቀረውን ያያሉ። ሥራዎ ቡሽ መቀየር ብቻ ከሆነ የኤሌክትሪኩን ክፍል መክፈት አያስፈልግም፤ ፍርፋሪውንና አሮጌውን ግራሶ በእንጨት ስንጥርና በጨርቅ አንድ ሳይቀር ያውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሶቹን ቡሾች አስገብቶ አሮጌውን ፍርፋሪ በጥርሱ ሥር ይተወዋል፣ ያም ፍርፋሪ ከአንድ ወር በኋላ ጥርሱን ያንቀዋል።

የኤሌክትሪኩ ክፍል መከፈት ካለበት ግን ሥራው ይለወጣል። በመጀመሪያ በማግኔት ቤቱና በጥርሱ ቤት ላይ አንድ መስመር በሹል ነገር ያስምሩ። ማግኔት ቤቱን በስሕተት ግማሽ ዙር አዙረው ከመለሱት የሰሜንና የደቡብ ዋልታዎች ቦታ ስለሚለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ መዞር ይጀምራል፤ መብራቱ ክፈት ሲባል ሊዘጋ ይሞክራል። ይህ የደረሰበት ሰው ሽቦውን ሲመረምር ሊውል ይችላል።

ማግኔት ቤቱን ሲስቡ ማግኔቱ ሮተሩን (በመካከል የሚሽከረከረውን ክፍል) ይዞት ሊወጣ ይሞክራል፤ ሮተሩ ከወጣ ካርቦኖቹ በምንጫቸው ተገፍተው ይፈናጠራሉ። ስለዚህ በአንድ እጅ የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች ተጭነው በሌላው ቤቱን ይሳቡ። በዘንጉ ጫፎች ላይ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ወይም አንድ ትንሽ የብረት ኳስ ሊኖር ይችላል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ይሥሩ፣ የወጣውንም በወጣበት ቅደም ተከተል ያሰልፉት። ማግኔቱ እንደ ሸክላ የሚሰበር ስለሆነ ቤቱን በመዶሻ አይምቱት፣ በሞርሳም አጥብቀው አይያዙት።

ከዚያ ኮሙቴተሩን ይመልከቱ። ጥቁር ከሆነ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ600 ቁጥር ባላነሰ፣ ዙሪያውን እኩል ይጥረጉት፤ በመዳብ ክፍሎቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶችም በእንጨት ስንጥር ያጽዱ፤ የካርቦን ዱቄት እዚያ ከተጠቀጠቀ ክፍሎቹን ያገናኛል። ካርቦኖቹ አጭረው ምንጩ በደንብ የማይጫናቸው ከሆነ ይቀየራሉ። ሲመልሱ ካርቦኖቹን በቀጭን ክር ወደ ኋላ አስረው ሮተሩን ያስገቡና ክሩን ይሳቡት፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

የነሐስ፣ የዴልሪን ወይስ የለስላሳ ፕላስቲክ ቡሽ ይሻላል?

ሰዎች በዚህ ላይ በጣም ይከራከራሉ። የኔን ፍርድ በግልጽ ልናገር፤ ነሐስ አላስገባም። ነሐስ አያልቅም፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቡሹ የተፈጠረው ግጭት እንዲውጥ ነው። ግጭቱን የማይውጥ ቡሽ ወደ ጥርሱ ያስተላልፈዋል፣ ጥርሱም ፕላስቲክ ነው። ርካሹን ዕቃ ዘላለማዊ ስናደርግ ውዱን ዕቃ ተሰባሪ እናደርገዋለን።

ዴልሪን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከሁለቱ መካከል ነው። ሙቀትና ግራሶ ይችላል፣ አይፈረፈርም፣ ቅርጹንም ይጠብቃል፤ ከዋናው ቡሽ ይልቅ ግን ይጠጥራል። በየቀኑ በማይነዳ፣ መብራቱ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚከፈት መኪና ላይ ዴልሪን ለዓመታት ያገለግላል ብዬ አምናለሁ፤ በብዙዎቹም ላይ ያስገባሁት እርሱን ነው። ዋናውን ዓይነት ለስላሳ ቡሽ ማግኘት የሚችል ግን እርሱን ቢመልስ አይሳሳትም፤ የመጀመሪያዎቹ ቡሾች ከአሥር ዓመት በላይ መሥራታቸውን ማስታወስ ይገባል። ከየትኛውም ዓይነት ቢሆን ቡሹ ወደ ቦታው በጣት ግፊት ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት። ልል ከሆነ ኳኳታው ይቀራል፤ በመዶሻ ካልሆነ የማይገባ ከሆነም መጠኑ የዚህ ሞተር አይደለም።

የፕላስቲኩ ጥርስ ራሱ ተበልቶ ከሆነስ?

መብራቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጥርሱ ሙሉ ዙር አይዞርም፤ የሚሠራው በከፊሉ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ክፉኛ የሚጎዳው ሞተሩ የሚታገድባቸው ሁለቱ መጨረሻዎች ጋ ያለው ክፍል ነው። ጉብታዎቹ ሦስት ስለሆኑ ጥርሱን አውጥቶ በአንድ ሦስተኛ ዙር አዙሮ መመለስ ይቻላል፤ በዚህም መጨረሻው ላይ ጭነቱን የሚሸከሙት ያልተበሉ ጥርሶች ይሆናሉ። ጥርሱ ጫፉ ብቻ የተላጠ ከሆነ ይህ በቂ ነው። ከሥሩ የተሰበረ ወይም ዙሪያው የተሰነጠቀ ከሆነ ግን አዲስ ጥርስ ይግዙ። ጥምዝ ዘንጉንም በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ሸካራ ወይም የዛገ ከሆነ አዲሱን ጥርስ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ምን ዓይነት ግራሶ ልጠቀም?

ለፕላስቲክ ጥርስ የሚስማማ ነጭ ሊቲየም ግራሶ ወይም የሲሊኮን ግራሶ። ስስ አድርገው በጥርሱና በጥምዝ ዘንጉ ላይ ይቀቡት፤ ቤቱን አይሙሉት፣ ወደ ኮሙቴተሩም አያስጠጉት። ለጎማ የሚሆን ጥቁር ወፍራም ግራሶ በብርድ ይጠጥራልና ይቅርብዎ። ፕላስቲኩን በቤንዚን ማጠብም አያስፈልግም፤ አልኮልና ጨርቅ ይበቃሉ።

ከ1984 እስከ 1987 ያሉት ሞዴሎች ሞተር ይለያል?

ይለያል። በእነዚያ ዓመታት ሞተሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ራሱን የሚያቋርጥበት ማብሪያ በውስጡ ነበረው፣ ወደ ሶኬቱ የሚገቡት ሽቦዎችም የበዙ ናቸው፤ ከ1988 ወዲህ ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ የማቆሙንም ሥራ ሞጁሉ ወስዶታል። ስለዚህ በቀደመው ሞተር ላይ መብራቱ ከመጨረሻው በፊት የሚቆም ወይም ሞተሩ የማይቆም ከሆነ፣ ከቡሾቹ በተጨማሪ የዚያ ማብሪያ ንኪዎች መጽዳታቸውን ማየት ያስፈልጋል። ዕቃ ሲያዙ የመኪናውን ሞዴል ዓመት ይግለጹ፤ የሁለቱ ዘመን ሞተሮች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ተመሳሳይ ለውጥ በፖንቲያክ ፊየሮ ላይም ስለተደረገ፣ የ1987 እና የ1988 ፊየሮ ባለቤቶች ስለ ቡሾቹ ከዚህ የተጻፈውን ለራሳቸው መኪና ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ እርግጥ በእርሱ ላይ ሞተሩ መብራቱን የሚያነሣው በክንድ ነው።

አንዱ ብቻ ከተበላሸ ሁለቱንም ልፍታ?

አዎን። ሁለቱ እኩል ዘመን ኖረዋል፣ እኩል ጊዜ ተከፍተው ተዘግተዋል፤ አንዱ ቡሹን ከጨረሰ የሌላው ሩቅ አይደለም።

ይህን የመሰለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ይከብደኛል?

የመስኮት ሞተር ፈትተው ካወቁ አይከብድዎትም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በወጡ ብዙ የፎርድ መኪኖች የመስኮት ሞተር ጥርስ ውስጥም ሦስት የፕላስቲክ ቡሾች አሉ፤ እነርሱም እንዲሁ ይፈረፈራሉ፣ ሞተሩ እየጮኸ መስተዋቱ አልወጣም ይላል። የዝናብ መጥረጊያው፣ በእኛ ጋራዦች ተርጂ ክርስታሎ የሚባለው፣ ሞተርም በጥምዝ ዘንግና በጥርስ የሚሠራ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ እርሱን ሲያድስ የኖረ ባለሙያ ኮርቬት አይቶ ባያውቅም ይህን ሞተር ሲከፍት እንግዳ ነገር አያገኝም። እንዲያውም በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቼ የምመክረው፣ ሞተሩን አውርዶ ለእንደዚህ ያለ አሮጌ ባለሙያ ማሳየት ነው፤ ካርቦንና ኮሙቴተር በእጁ ሲያጸዳ የኖረ ሰው፣ ሞተር ሙሉውን ቀይር ከሚል ሰው በላይ ይጠቅማል። ለሁለቱም ሞተሮች ረጋ ብሎ የሚሠራ ሰው አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

ከመለስኩት በኋላ ምን ልፈትሽ?

ሞተሩን ከመኪናው ጋር ከማሰርዎ በፊት በጠረጴዛ ላይ ይሞክሩት። ባለ ሁለት ሽቦው ሞተር ከሆነ በመካከሉ ፊውዝ ባለው ገመድ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ለአጭር ጊዜ ያገናኙት፣ ከዚያም ሽቦዎቹን ለዋውጠው ወደ ሌላው አቅጣጫ ያዙሩት፤ ድምፁ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነትና ለስላሳ መሆን አለበት። የቀደሙትን ሞዴሎች ሽቦ የመኪናውን የኤሌክትሪክ ሥዕል ሳያዩ ከባትሪ ጋር አያገናኙ።

በመኪናው ላይ ካሰሩት በኋላ መጀመሪያ በእጅ መዘውሪያው ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ የመብራቱ ቤት ኮፈኑን የሚነካበት ቦታ ካለ ቀለሙ ሳይላጥ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ባትሪውን መልሰው አሥር ጊዜ ያህል ይክፈቱና ይዝጉት፤ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ባይነሡም እንኳ ሁለቱም ከ3 ሰከንድ በፊት ሊደርሱ፣ የሞተሩም ድምፅ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሊቆም ይገባል።

የመጨረሻው ፍተሻ የብርሃኑ አቅጣጫ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉት እርሱን ነው። ልልነቱ ሲጠፋ መብራቱ የሚቆምበት ቦታ በጥቂቱ ስለሚለወጥ፣ በአሮጌው ልልነት ላይ የተስተካከለው ብርሃን አሁን ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። መኪናውን በተስተካከለ መሬት ላይ ከግድግዳ 7.6 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያቁሙና የሁለቱን መብራቶች አጭር ብርሃን ያነጻጽሩ፤ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እንዳይወጋ በማስተካከያ ብሎኖቹ ያስተካክሉት። በማግሥቱ ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን በብርድ ካደረ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ይክፈቱት፤ የግራሶውም የማሳውም ድክመት የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው።